ካርታው ከክረምት በፊት ይነሣ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ ወረዳ፣ ክረምት የሥራ ወቅት ነው። ሰሊጡና ጥጡ ሲታረም ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኞች ይወርዳሉ፤ የሚያድሩትም በእርሻው ዳር በዳስ ወይም በግራር ሥር ነው። የጓንግ ወንዝ የሚሞላው፣ መረሬው አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና የማያሳልፈውም በዚሁ ጊዜ ነው። ወባና በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛርም ይበልጥ የሚጎዱት ለቆላው እንግዳ የሆኑትን እነዚሁን ሠራተኞች ነው።

ለዚህ አስቀድሞ ለመዘጋጀት የኮምፒዩተር ካርታ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ኪው ጂ አይ ኤስ በተባለው፣ በነፃ በሚገኘው ፕሮግራም የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ፣ ወንዞች፣ መንገዶችና ጤና ኬላዎች ተደራርበው በአንድነት ይታያሉ። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሕዋ የተላኩት የአውሮፓ ሴንቲኔል አንድ ሳተላይቶችም በራዳር ስለሚሠሩ፣ ደመና ሳያግዳቸው ውሃ የተኛበትን መሬት ያሳያሉ።

ይሁን እንጂ በአንድ ዳስ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚያድር ሳተላይት አይናገርም። ቋሚ ነዋሪውን ብቻ የያዘ ካርታም ሠራተኛውን ይረሳዋል። ስለዚህ የእርሻ ባለቤቶች የሠራተኞቻቸውን ማደሪያ፣ አርሶ አደሮችም ጎርፍ የሚወጣበትን ስፍራ ለቀበሌያቸው ማስመዝገብ፣ የወረዳው ባለሙያም ይህንኑ በካርታው ላይ ማስፈር ይኖርባቸዋል። መድኃኒቱ ለማን እንደሚደርስ መታወቅ ያለበት መንገዱ ከመቆረጡ በፊት ነው።