ስለ አሮጌ ሰፈሮች መልሶ መሠራትና ስለ ነዋሪዎቹ ሥጋት

በአዲስ አበባ መካከል የሚገኙት አሮጌ ሰፈሮች እየፈረሱ በስፍራቸው ባለ ብዙ ፎቅ ቤቶች ሲሠሩ፣ ነገሩ የሚነካው ነዋሪውን ብቻ አይደለም። በሰፈሩ ሱቅ ከፍቶ የሚነግደው፣ ለሱቁ ዕቃ የሚያቀርበው አስመጪና ከዚያው ሰፈር ሠራተኛ የሚቀጥረው ላኪ ጭምር የጉዳዩ ተካፋዮች ናቸው። ስለዚህ የነዋሪዎቹ ሥጋት ከምን እንደሚነሣ ማወቅ ለነጋዴው ይጠቅመዋል።

እንደሚታወቀው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቦታ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ሲሰጥ፣ ተከታዮቻቸው በየግቢው ዙሪያ ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ተሰማ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ይህንኑ ያስታውሳሉ። ከዚህም የተነሣ ባለጠጋውና ድኻው በአንድ መንደር ተጎራብተው መኖርን ለመዱ። ኋላም ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ አስተዳደር ሥር ሆኑ። የኪራዩ ማነስ አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው መጠጊያ ሆነው፤ ዳሩ ግን በዚህ ኪራይ ቤት ማደስ ስለማይቻል ጭቃው እየረገፈ፣ ቆርቆሮው እየዛገ ሄደ።

ከተማው በአንድ ቦታ ላይ ብዙ ሰው እንዲኖር መፈለጉ ምክንያት የሌለው አይደለም። ሕዝቡ ሲበዛ ሁሉም በምድር ቤት ይኑር ከተባለ፣ ከተማው ወደ ዳር እየሰፋ የገበሬውን እርሻ ይወስዳል፤ የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ መንገድና መብራትም በየጊዜው እየተቀጠለ ወጪው ይበዛል። ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የጋራ ሕንፃ ባለቤትነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ፤ ተከትሎም የኮንዶሚኒየም ግንባታ በስፋት ተጀመረ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የልደታ ሰፈር ፈርሶ በፎቅ ቤቶች ተተካ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ተነሥተዋል።

የነዋሪዎቹ የመጀመሪያ ሥጋት ስለ ካሣው ነው። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ፣ ካሣ የሚታሰበው ለቤቱና በቦታው ላይ ለተደረገው ማሻሻያ እንጂ ለመሬቱ ዋጋ አይደለም። ነገር ግን በፕላኑ አንድ ፎቅ የነበረው ቦታ ዐሥር ፎቅ እንዲሠራበት ሲፈቀድ፣ የቦታው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ይህም ጭማሪ በሊዝ ጨረታ ለከተማው ገቢ ይሆናል እንጂ ለአርባ ዓመት በቦታው ለኖረው ሰው አይደርሰውም። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት እንዲመርጥ ሲደረግ ቆይቷል። በደባልነት የሚኖረው ግን ስሙ በመዝገብ ስለሌለ ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል።

ሁለተኛው ሥጋት ስለ ኑሮው ነው። እንደ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳና ኮዬ ፈጬ ያሉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች ከከተማው መካከል የራቁ ናቸው። ጉልት የምትሸጠው፣ እንጀራ ጋግራ የምታስረክበውና በመጋዘን ቡና የምትለቅመው ሴት ከዚያ ተነሥታ ወደ ሥራዋ ስትመላለስ፣ ከምታገኘው ላይ ብዙው ለታክሲ ይወጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደሚባለው፣ ዕድሩና ዕቁቡ የሚቆሙት በጉርብትና ነው፤ ጎረቤት ሲበተን እነርሱም ይበተናሉ።

ሦስተኛው በፎቁ ላይ ስላለው አኗኗር ነው። በርበሬ ማስጣት፣ በግ ማረድና እንጀራ መጋገር ግቢ ይፈልጋሉ። ለዚህ ሲባል በኮንዶሚኒየም ግቢዎች የጋራ መገልገያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ይሁን እንጂ ለብዙ አባወራ አንድ ቤት ሲሆን ወረፋውም ጠቡም አይቀርም። ውሃም ግፊቱ ሲያንስ ከላይኛው ፎቅ አይደርስምና ነዋሪው በጀሪካን እየተሸከመ ደረጃ ይወጣል።

ባለ ሱቁ ከዚህ ሁሉ የራሱ ድርሻ አለው። የሰፈር ሱቅ ዋነኛ ሀብት በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሳይሆን ደንበኛውን ማወቁ ነው፤ የዱቤ መዝገብም የሚጸናው በዚሁ ትውውቅ ነው። ሰፈሩ ሲነሣ ባለ ዕዳው ወደ አራት አቅጣጫ ይሄዳል፤ መዝገቡም ወረቀት ሆኖ ይቀራል። በአዲሶቹ ሕንፃዎች ምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች ደግሞ በጨረታ ሲሸጡ ስለቆዩ፣ ትንሹ ነጋዴ ከትልቁ ጋር ተወዳድሮ ለማሸነፍ ተቸግሯል። በሌላ ወገን ግን የግንባታው ሥራ ለብረት፣ ለቧንቧ፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃና ለአሳንሰር አስመጪዎች ሰፊ ገበያ መክፈቱ፣ በአዲሶቹም መንደሮች አዲስ ደንበኛ መገኘቱ አይካድም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የሚነሡት ሰዎች አስቀድሞ እንዲወያዩ፣ ባለ ይዞታዎችም በፕላኑ መሠረት ቦታቸውን በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኙ ደንግጓል። ለተቋረጠ ገቢና ለማኅበራዊ ትስስር መፍረስ የሚከፈል ካሣም በዚያው ተመልክቷል። ይህን መብት ግን የሚጠቀምበት አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ነው፤ ጎረቤታሞች ገንዘባቸውን አስተባብረው ካልተደራጁ፣ ለብቻው ባለ ብዙ ፎቅ የሚያሠራ ሰው ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጠንቃቃ ነጋዴ የኪራይ ውሉን ከማደሱ ወይም ብዙ ዕቃ ከማከማቸቱ በፊት፣ ስለ ሰፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ወረዳውን ይጠይቅ። የንግድ ፈቃዱ አድራሻ ትክክል መሆኑን ይመልከት፤ የሽያጭና የግብር ደረሰኙን በሥርዓት ያስቀምጥ፤ የዱቤ ሒሳቡንም ሳይርቅ ይሰብስብ። ከተማውም ቢሆን የሰፈሩን ትንንሽ ሱቆች በአዲሱ ሕንፃ ሥር በሚችሉት ኪራይ ቢመልሳቸው፣ ግብር ከፋዩን ሳያጣ ነዋሪውን ይጠቅማል። ሰፈር የሚታደሰው ግንቡ ከፍ ሲል ብቻ ሳይሆን፣ በውስጡ ይኖርና ይነግድ የነበረው ሰው አብሮ ከፍ ሲል ነው።