ተጨማሪ መረጃ፦ ኤልሚና ቴይለር፣ የወጣት ሴቶች መሪ
ኤልሚና ሼፐርድ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1830 በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት ተወልደው በመምህርነት ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1856 በተለምዶ «ሞርሞን» የምትባለው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኑ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ከባለቤታቸው ጋር ወደ ዩታ ተሻገሩ። በ1880 የወጣት ሴቶች የጋራ መሻሻል ማኅበር፣ ማለትም ልጃገረዶች በሃይማኖት ትምህርት አእምሯቸውንና ጠባያቸውን የሚያንጹበት ድርጅት፣ የመጀመሪያዋ ጠቅላይ ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾሙ። በዘመናቸው የማኅበሩ ልሳን የሆነው መጽሔት በ1889 መታተም ጀመረ፤ በየአጥቢያው ለየብቻ ይሰበሰቡ የነበሩ ቡድኖችም በ1893 የጋራ የትምህርት መመሪያ አገኙ። ሰባት ልጆች የወለዱት እኚህ እናት በ1904 እስካረፉ ድረስ ማኅበሩን ለ24 ዓመታት የመሩ ሲሆን፣ የጣሉት መሠረት ለተተኪዎቻቸው ሁሉ መነሻ ሆኗል።