በእግር የሚዞሩባት ከተማ ለማን ናት?

የሰው ልጅ ከተማን የቆረቆረው ከሰው ጋራ ተቀራርቦ ለመኖር ነው። ገበያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና የጸሎቱ ሥፍራ አንዱ ካንዱ እጅግ የተራራቁ እንደ ሆነ ከተማነቱ በስም ብቻ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ከተማ ምን ያህል ሠለጠነ ብለን በምንጠይቅበት ጊዜ የፎቁን ቁመት ከመቁጠራችን በፊት፣ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ በእግሯ ከየት እስከ የት ልትደርስ ትችላለች ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ይህን ጉዳይ ለዛሬው እሑድ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ወደ ሥራ የሚወጡ፣ ወይም በቅርቡ የተመደቡ ወጣቶች ናቸው። አዲስ የተመደበ ሠራተኛ ከደብዳቤው ቀጥሎ የሚጨነቅበት ነገር ቤት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ፣ መብራትና የእግር መንገድ ባለበት በመኻል ከተማ ልከራይ? ወይስ ራቅ ብዬ በርካሽ ልደር? ይህ ጥያቄ የኪስ ጥያቄ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ስንመረምረው ከተማ ለማን ነው የሚሠራው ወደሚል ወደ ትልቁ ጥያቄ ያደርሰናል።

በመጀመሪያ የእግርን ነገር በቁጥር እንመልከት። አንድ ጤናማ ሰው ሳይቸኩል ሲሄድ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ይራመዳል። እንግዲህ በሩብ ሰዓት 1200 ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። በዚህ ርቀት ውስጥ ዳቦ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ጉልትና መሥሪያ ቤት ካገኘ ያ ሰው ለመጓጓዣ አያወጣም፤ በሰልፍ ቆሞም ጊዜውን አያባክንም። ካርሎስ ሞሬኖ የተባለው የፓሪስ ሊቅ በ2016 እ.ኤ.አ. «የሩብ ሰዓት ከተማ» የሚለውን አሳብ ያቀረበው ይህንኑ ይዞ ነው፤ የፓሪስ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎም በ2020 እ.ኤ.አ. ለምርጫ ሲወዳደሩ አሳቡን ከዕቅዳቸው ውስጥ አግብተውታል። የዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ደግሞ ከዚያ አስቀድማ በ1962 እ.ኤ.አ. ዋናውን የገበያ ጎዳናዋን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛ ሰጠች። ባለሱቆቹ ገበያችን ሊሞት ነው ብለው ሠግተው ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ እግረኛው በዝቶ ገበያው ደራ።

ለኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው ዛሬም በእግር የሚደረግ ነው። የጥንቱ የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረበት ዘመን ገበያተኛው፣ ዳኛውና ምእመኑ የሚገናኙት ባንድ ሥፍራ ነበር። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ጊዜ ገበያውን ከዚያ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ሥፍራ አዛወረው፤ ነባሩንም ሠፈር ለራሱ ሰዎች አደረገ። ፒያሳ የሚለው ስም «አደባባይ» ማለት መሆኑን ብዙው ሰው ያውቃል። የካዛንቺስን ስም ትርጉም የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ መኖሪያ ቤት የሚያሠራ አንድ ድርጅት ነበረው፤ ሠፈሩም በዚያ ድርጅት አኅጽሮተ ስም «ካዜ ኢንቺስ» ተባለ፤ በኛም አፍ ካዛንቺስ ሆነ። እንግዲህ ካዛንቺስ ማለት በስሙ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ማለት ነው። ወጣቱ ሹም ዛሬ በዚያ ሠፈር ቤት ቢፈልግ ዋጋውን ሰምቶ የሚመለስ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስገርማል።

አዲስ አበባ ከብዙ የዓለም ከተሞች የምትለይበት አንድ ጠባይ ነበራት። ባለጠጋውና ድኻው ባንድ ሠፈር፣ አንዳንዴም ባንድ አጥር ተጠጋግተው ይኖሩ ነበር። የዚህም መነሻው ከተማዪቱ ስትቆረቆር መኳንንቱ እያንዳንዳቸው ከነሠራዊታቸውና ከነአሽከሮቻቸው መስፈራቸው ነው፤ የራስ ብሩ ሠፈርና የደጃች ውቤ ሠፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ ማስታወሻ ናቸው። ኋላም በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው የቀበሌ ቤቶች ድኻውን በመኻል ከተማ አቆዩት። ቤቶቹ አርጅተው ነበር፤ ብዙዎቹም ያለ ቂ መጸዳጃ የሚኖርባቸው ነበሩ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ቢሆንም በዚያ የሚኖረው ሰው ከሥራው፣ ከደንበኛውና ከዕድሩ በእግሩ የሚደርስ ነበር።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ብዙ ሰው የራሱ ቤት ባለቤት አድርጓል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከመኻል ከተማ የራቁ ናቸው። ቀድሞ በእግሩ ይደርስ የነበረው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ፣ ቀጥሎም በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሥፍራ ሄዱ። በምትኩ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና አረንጓዴ ሥፍራ ተሠራ። ማታ ማታ ቤተሰብ ከነልጆቹ ሲንሸራሸር ማየት ደስ ያሰኛል። ከዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ መንሸራሸርና መኖር ሁለት ናቸው። ባማረው ጎዳና ላይ ለመሄድ በታክሲ የሚመጣ ሰው ሽርሽረኛ ነው እንጂ ነዋሪ አይደለም።

አሁን ወደ ወላይታ እንሻገር። የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር በሚያህል ከፍታ የተቀመጠች ናት። ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከሳውላና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች የሚገናኙት በርሷ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ነዋሪዋ 76 ሺህ ያህል ነበር፤ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዋ ተቋቋመ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ ቢሮዎች ለሶዶ፣ ለአርባ ምንጭ፣ ለዲላ፣ ለሳውላ፣ ለጂንካና ለካራት ተከፋፍለው፣ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከጌዴኦ፣ ከጋሞ፣ ከጎፋ፣ ከኮንሶና ከአሪ የተመደቡ ሠራተኞች ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። ቤት ተፈለገ፤ በተፈለገም ጊዜ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል።

እንደ ቦዲቲ፣ እንደ አረካና እንደ ቢጠና ባሉት የወላይታ ከተሞች ሰው ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሄዳል፤ ስለ «እግረኛ ከተማ» ቢነግሩት ይስቃል። የሶዶ ፈተና ግን ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ከተማዪቱ ለባጃጅ ልትሰጥ የደረሰችበት፣ ግን ገና ከእግር ያላመለጠችበት መጠን ላይ ናት። የኮሪደር ልማቱም ለርሷ ደርሷል። ስለዚህ የሚጠቅመውን ከሚጎዳው ለመለየት ጊዜው አሁን ነው።

ጥሩ የእግር ሠፈር ለመሆን ምን ያስፈልጋል ብንል፣ አራት ነገሮችን እንጠቅሳለን። አንደኛው ቅርበት ነው፤ መኖሪያውና ሱቁ፣ ቢሮውና ትምህርት ቤቱ በየፊናቸው ሳይለያዩ መቀላቀል አለባቸው። ሁለተኛው የእግረኛው መንገድ ነው፤ በዳሞታ ቁልቁለት ላይ ያለች ከተማ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ስለሚወርድባት፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ በሚገባ ተሠርቶ ካልተከደነ የሚያምረው ንጣፍ ለዓይነ ሥውሩና ለሽማግሌው ወጥመድ ይሆናል። ሦስተኛው ጥላ ነው፤ በቀትር ፀሐይ ዘንባባ ጌጥ ነው እንጂ ጥላ አይደለም፤ ዋርካና ዋንዛ ግን ጥላ ናቸው። አራተኛው የሰው ዓይን ነው።

ስለ አራተኛው ጥቂት እንበል። ጄን ጃኮብስ የተባለች የኒውዮርክ ሴት በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ታላላቅ የአሜሪካ ከተሞች ሞትና ሕይወት ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገድን ከሌባ የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ አይደለም፤ በሱቁ በር የቆመው ነጋዴ፣ በመስኮቷ የምታይ ባልቴት፣ ወዲያ ወዲህ የሚለው መንገደኛ ናቸው የሚል አሳብ አስፍራለች። እኛ ይህን ከመጽሐፍ ልንማረው አይገባንም ነበር። ጎዳናችን ላይ በቆሎ የምትጠብስ እናት፣ ሊስትሮው፣ ሸንኮራ ሻጩና ሱቅ በደረቴው የመንገዱ ዓይኖች ናቸው። የወላይታ ገጠር ሕዝቡ የበዛ፣ መሬቱ የጠበበ በመሆኑ ልጆቹ ሣጥናቸውን ይዘው እስከ አዲስ አበባ የሚወጡ መሆናቸውንም የማያውቅ የለም። ጎዳናው ሲያምር እነዚህን ሰዎች እንደ ቆሻሻ ጠርገን ብናነሣቸው የሚቀረን መብራት የበራበት ባዶ ሜዳ ነው፤ እነርሱም ከነቤተሰባቸው እንጀራቸውን ያጣሉ።

የጃኮብስ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። እርሷና ጎረቤቶቿ በታችኛው ማንሐተን ሊያልፍ የነበረውን ፈጣን የመኪና መንገድ ተቃውመው አስቀርተውታል። ሠፈሯ ግሪንዊች ቪሌጅም ዳነ። ዳሩ ግን ሠፈሩ ስለተወደደ ዋጋው ናረ፤ ዛሬ በኒውዮርክ እጅግ ውድ ከሚባሉት ሠፈሮች አንዱ ነው። ጫማ ሰፊውና ሥጋ ሻጩ ሊኖሩበት የሚችሉት ሥፍራ አልሆነም። ከመኪና ያዳኑትን ሠፈር ከገንዘብ ማዳን አልተቻለም ማለት ነው። እኛም ያማረ የእግር ሠፈር ስንሠራ ይህን አስቀድመን ካላሰብንበት፣ የሠራነው ሁሉ ለባለጠጋው ብቻ የተዘጋጀ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንዳንድ ሰዎች «ከተማ ሲያድግ ድኻ ወደ ዳር መሄዱ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። የዝናብ መዝነብ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የቦታ ሊዝ፣ የፕላንና የኪራይ ነገር ግን በሰው እጅ የተጻፈ ነው፤ በሰው እጅ የተጻፈም በሰው እጅ ይታረማል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያስታውቀው እንዳያልፍ ደንግጓል። ሕግ መኖሩ ግን አንድ ነገር ነው፤ ተከራዩ አውቆት፣ ከተማውም አጥብቆ ይዞት መፈጸሙ ሌላ ነው። «ውል ብጠይቅ ቤቱን ያስለቅቁኛል» ብሎ የሚፈራ ተከራይ ካለ አዋጁ ገና ከወረቀት አልወረደም።

ከዚህም ሌላ፣ መኻል ከተማ በሚታደስበት ጊዜ ከሚሠራው ቤት ጥቂቱ ለነባሩ ነዋሪና ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ቢመደብ፣ ለጉልት ሻጮችና ለሊስትሮዎች በዚያው ጎዳና ላይ ወግ ያለው መቀመጫ ቢሠራላቸው፣ ተነሺዎችም የሚነሡ ከሆነ ዕድራቸው ሳይበተን ባንድነት በቅርብ ሥፍራ ቢሰፍሩ መልካም ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ሲባል የኖረው በከንቱ አይደለም። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ሐኪም ቤት የሚያደርሳት፣ ሬሳም ሲወጣ ድንኳን የሚተክለው ያው ጎረቤት ነው። ዕድር በካሣ ተመን ውስጥ የማይገባ ሀብት ነው፤ ቢፈርስ ግን ለመሥራት ሃያ ዓመት የሚፈጅ ነው።

ይህን የምንጽፍላችሁ ወጣት ሹማምንት ሁለት ካባ የደረባችሁ ናችሁ። በማለዳ ስትነሡ ኪራይ የከበደው ተከራይ ናችሁ፤ ሦስት ሰዓት ላይ ከጠረጴዛው ስትቀርቡ ደግሞ ፕላን የምታዩ፣ ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ፣ ፊርማ የምታኖሩ ናችሁ። ማታ የሚያስጨንቃችሁን ነገር ቀን ስትፈርሙ አትርሱት። ተማሪዎችም ብትሆኑ ነገ በዚያው ወንበር የምትቀመጡ ናችሁ።

ለፕላን ሠሪ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ እግሩ ነው። የሠፈሩን ካርታ ከመፈረሙ በፊት ዝናብ በሚዘንብበት ቀን በሠፈሩ ይሂድበት፤ በማታም ይመለስበት። ቦዩን ይሻገር፣ በቆሎ ከምትጠብሰው ሴት ጋራ ይነጋገር፣ የት እንደምታድርና ከዚያ እስከዚህ በስንት ሰዓት እንደምትመጣ ይጠይቃት። በጋሞና በወላይታ ሽማግሎች ተቀምጠው የሚመክሩበት አደባባይ ዱቡሻ ይባላል፤ ወደ ዱቡሻ ሰው ሁሉ በእግሩ መጥቶ አሳቡን ይናገራል። የከተማ ፕላንም እንዲህ ባለ አደባባይ ቢመከርበት ከቢሮ ውስጥ ተደብቆ ከሚሠራው ይልቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

ሶዶ ገና በመሠራት ላይ ያለች ከተማ ናት። አዲስ አበባ ካፈረሰች በኋላ የተማረችውን እርሷ ሳታፈርስ ልትማረው ትችላለች። በዳሞታ ግርጌ የሚሠራው የእግር መንገድ ያማረ ይሁን፤ የሚበልጠው ግን በዚያ መንገድ ላይ ጫማ የሚጠርገው ልጅ፣ መምህሩ፣ ነጋዴውና ሹሙ ማታ ሁሉም በእግሩ ቤቱ የሚገባበት ከተማ መሆኑ ነው።