ያገለገለ መኪና ሲገዛ የማይዘነጋው ቢጫ ሶኬት

ያገለገለ ተሽከርካሪ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል፤ ቦዲውን ይመረምራል፤ ጎማውን ያያል። ቁልፍ ሲከፈት በዳሽቦርዱ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች በርታ የምትጠፋውን የኤርባግ ምልክት ግን ብዙዎች ልብ አይሏትም።

ኤርባግ በመሪው መካከል ታጥፎ የተቀመጠ ከረጢት ነው። ከባድ ግጭት ሲደርስ የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ አነስተኛ ኮረንቲ ይልካል፤ ኮረንቲው ጋዝ አመንጪውን ኬሚካል ያቀጣጥላል፤ ከረጢቱም ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ ይነፋል። መሪው የሚዞር በመሆኑ ኮረንቲው የሚያልፈው እንደ ሰዓት ሞላ በተጠቀለለ ጠፍጣፋ ገመድ በኩል ነው። ገመዱ ሲበጠስ ምልክቷ በርታ ትቀራለች። በብዙ መኪኖች የክላክሱ መስመርም በዚያው ስለሚያልፍ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተበላሹ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ይኸው ገመድ ነው።

የኤርባግ ሶኬቶች በአብዛኛው ቢጫ ናቸው፤ ቀለሙም ባለሙያው ከሌላው ሽቦ ለይቶ እንዲጠነቀቅ የተመረጠ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሶኬቱ ሲነቀል የኤርባጉን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ የምታገናኝ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። በልብስ ፍትጊያ የሚፈጠር ኤሌክትሪክ እንኳ ከረጢቱን እንዳያፈነዳ የምትከላከለው እርሷ ናት። ሶኬቱን ቆርጦ ሽቦውን በናስትሮ ማሰር ይህን መከላከያ ማጥፋት ነው።

ከዚህ የከፋው ግን ምልክቷን ለማጥፋት ብቻ የሚደረገው ማታለል ነው። በኤርባጉ ምትክ ሬዚስተር ሲገጠም የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ኤርባጉ ያለ ይመስለዋል፤ ምልክቷም ትጠፋለች፤ አሽከርካሪው ባዶ መሪ ይዞ ይጓዛል። አምፖሏ የተነቀለች እንደሆነ ቁልፍ ሲከፈት ጨርሶ ባለመብራቷ ትታወቃለች። ሬዚስተሩን ግን የኮምፒውተር ምርመራም ላያገኘው ስለሚችል፣ ገዢው መሪው በባለሙያ ተከፍቶ እንዲታይለት ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

መክፈቱ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ባትሪው ቢፈታም የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ለጥቂት ጊዜ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል። ለዚህም ነው የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ቁልፉ ተዘግቶ የባትሪው ነጌቲቭ ከተፈታ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ መጠበቅን የሚያዝዙት። የኤርባጉን ጫፎች በመሞከሪያ አምፖል መንካት ከረጢቱን ሊያፈነዳ ይችላል። የተፈታ ኤርባግም ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተደፍቶ ሳለ ቢፈነዳ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ተስፈንጥሮ በአጠገቡ ያለውን ሰው ሊመታ ይችላልና።