ፀረ-ተህዋስያን ቅብ፦ አሠራሩና አቅሙ

ፀረ-ተህዋስያን ቅብ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ ገጽ ላይ በስሱ ተቀብቶ፣ አንዳንዴም በምርት ጊዜ ከክሩ ወይም ከቀለጠው ፕላስቲክ ጋር ተዋሕዶ፣ በዚያ ገጽ ላይ የሚያርፉ ባክቴሪያዎችንና ፈንገሶችን የሚገድል ወይም መራባታቸውን የሚገታ መከላከያ ነው። እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲታሰብ ያደረገው ተህዋስያን ከሰው ገላ ውጭ ያላቸው ዕድሜ ከሚገመተው በላይ ረጅም መሆኑ ነው፤ ቁስል በማመርቀዝ የሚታወቀው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ገጽ ላይ ለወራት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ የሕሙማን ክፍል መጋረጃና የአልጋ ጠርዝ በአንዱ ጽዳትና በሚቀጥለው መካከል ከታማሚ ወደ ታማሚ መሸጋገሪያ ሊሆኑ ይችላሉ።

በዚህ ሥራ ረጅም ታሪክ ያለው ብር የተባለው ማዕድን ነው። ጀርመናዊው የማሕፀን ሐኪም ካርል ክሬዴ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው የጨብጥ ባክቴሪያ የጨቅላዎችን ዓይን እንዳያጠፋ የብር ናይትሬት ጠብታ መስጠት ጀመረ፤ ስዊዘርላንዳዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ፎን ኔግሊ ደግሞ አንዳንድ ብረቶች እጅግ ባነሰ መጠን በውሃ ውስጥ ያሉ ሕያዋንን እንደሚገድሉ ተመልክቶ፣ በ1893 በታተመ ጽሑፉ ክስተቱን ኦሊጎዳይናሚክ፣ ማለትም በጥቂቱ ኃያል፣ ሲል ሰየመው። ብር ርጥበት ሲያገኘው ጥቂት በጥቂት አዮኖችን፣ ማለትም ኤሌክትሮን በማጣታቸው አዎንታዊ ሙል የያዙ አቶሞችን፣ ይለቃል፤ እነዚህም በባክቴሪያው ፕሮቲኖች ውስጥ ካለው ድኝ ጋር አጥብቀው ስለሚቆራኙ፣ ተህዋሱ ኃይል የሚያመነጭባቸው ኢንዛይሞች ይሰናከላሉ፣ የሕዋሱ ሽፋንም ይጎዳል። ርጥበት በሌለበት ግን አዮኑ ስለማይለቀቅ፣ በደረቅ ገጽ ላይ ብሩ እጅግ ይዳከማል።

ሁለተኛው ዓይነት ከገጹ ሳይለቅ በንክኪ የሚሠራው ኳተርነሪ አሞኒየም የተባለው ውህድ ነው። በአንድ ጫፉ ባለው ሲሊከን ከጨርቁ ጋር ይጣበቃል፤ በሌላው ጫፉ አዎንታዊ ሙል የያዘ ናይትሮጅንና 18 ካርበኖች የተቀጣጠሉበት ሰንሰለት አለው። በባክቴሪያ ውጫዊ ገጽ ላይ አሉታዊ ሙል ስለሚያመዝን ተህዋሱ ወደ ናይትሮጅኑ ይሳባል፣ ሽፋኑም ይናጋል። ይሁንና ላብ፣ አቧራ፣ የሳሙና ቅሪትና የሞቱት ባክቴሪያዎች ራሳቸው ሲነባበሩበት፣ ጭቃ እንደተለሰነበት የእሾህ አጥር መውጊያው ስለሚሸፈን፣ እንዲህ የታከመ ጨርቅም እንደ ማንኛውም ጨርቅ መታጠብ አለበት።

በምርቶች ላይ የሚጻፈው የ99.9 በመቶ ቁጥር ከምን እንደተገኘ ማወቅ ይገባል። ፕላስቲክ የሚፈተንበት አይሶ 22196 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ባክቴሪያ የያዘ ፈሳሽ በገጹ ላይ ጠብ ተደርጎ፣ እንዳይደርቅም በስስ ፕላስቲክ ተከድኖ፣ በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከ90 በመቶ ባላነሰ አንጻራዊ ርጥበት ለ24 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል፤ በሕይወት የተረፉትም ቅብ በሌለው ናሙና ላይ ከተረፉት ጋር ይነጻጸራሉ። መለኪያው ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን የበር እጀታ እንደዚያ ረጥቦና ሞቆ አይውልም፣ ተህዋስያን ከእጅ ወደ እጅ ለመሻገርም ሙሉ ቀን አይጠብቁም። ይህን ልዩነት ለገዢ ሳይገልጹ ቁጥሩን ብቻ ማጉላት አግባብ አይደለም።

ብሩ ጨርቁ ላይ መቆየቱም አጠራጣሪ ነው። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ብር የያዙ አንዳንድ ካልሲዎች በአራት እጥበት ብራቸውን ከሞላ ጎደል ሁሉ ለውሃው ለቀዋል። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ የመላመድ አደጋ ነው፤ ገና በ1975 ቃጠሎ የደረሰባቸው ሕሙማን በብር ናይትሬት በሚታከሙበት ክፍል፣ ብሩን ብቻ ሳይሆን አምፒሲሊንና ክሎራምፌኒኮልን የመሳሰሉ መድኃኒቶችንም የሚቋቋም ሳልሞኔላ መገኘቱ ተመዝግቧል።

ለብር ቅብ ተስማሚ ከሚመስሉት ቦታዎች አንዱ፣ ርጥበት የማይለየውና መጥረጊያ የማይደርስበት የሽንት ማስወገጃ ቱቦ፣ ካቴተር፣ ነው። በብሪታንያ በ24 ሆስፒታሎች ከ7,000 በላይ ሕሙማንን ያሳተፈና በ2012 የታተመ ሙከራ ግን፣ ምልክት የሚያሳይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዛቸው ባለ ብር ቅብ ቱቦ ከገባላቸው 12.5 በመቶ፣ በብር ያልተቀባ ቱቦ ከገባላቸው ደግሞ 12.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል።