የታሸገ ወተት ከላም ጡት እስከ ከተማ ቤት የሚሄድበት መንገድ

ወተት ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ሰው ምግብ ነው። ሕፃን ያድግበታል፤ በሽተኛ ያገግምበታል፤ እንግዳ ይከበርበታል። ነገር ግን ከሩቅ አውራጃ ወደ ከተማ ገበያ ሲመጣ የኖረው ቅቤ ነው እንጂ ወተት አይደለም። ቅቤ ብዙ ቀን ተጉዞ ዋጋውን ሳያጣ ይደርሳል፤ ወተት ግን ባንድ ቀን መንገድ ይኮመጥጣል።

ዛሬ የከተማ ሰው ከሱቅ ግማሽ ሊትር ወተት በላስቲክ ታሽጎ ይገዛል። ያ ወተት ከብዙ ገበሬ ቤት ተሰብስቦ፥ ተመርምሮ፥ ቀዝቅዞ፥ በእሳት ነጽቶ፥ ታሽጎና ተከፋፍሎ የመጣ ነው። ከነዚህ ሥራዎች አንዱ ቢጓደል የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው በምን ዓይነት እንደሚካሄድ፥ ጥፋትም ከየት እንደሚመጣና ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሎችም ለአካባቢያቸው ሰው ቢያስረዱት ጥቅሙ ብዙ ነው።

1ኛ፤ ወተት ስለሚበላሽበት ምክንያት

ወተት ከላም ጡት ሲወጣ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ያህል ነው። ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ሲሆን፥ የቀረው ቅባት፥ ስኳር፥ ሰውነትን የሚገነባ ምግብና ልዩ ልዩ ጨው ነው። ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ፍጥረታት ከአላቢው እጅ፥ ከጡቱ ቆዳ፥ ከዕቃውና ከአቧራው ወደ ወተቱ ይገባሉ። በዚያም ሙቀትና ምግብ ተዘጋጅቶ ስለሚቆያቸው ፈጥነው ይባዛሉ። የወተቱንም ስኳር ወደ ኮምጣጣነት ይለውጡታል፤ ወተት የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

መምህር ይህን ነገር በሰሌዳ ላይ በሒሳብ ሊያሳየው ይችላል። አንዲት ባክቴሪያ በሞቀ ወተት ውስጥ በ30 ደቂቃ ሁለት ብትሆን፥ በ1 ሰዓት 4፥ በ3 ሰዓት 64፥ በ6 ሰዓት 4096 ትሆናለች። ማለዳ የታለበ ወተት ሳይቀዘቅዝ እስከ ቀትር ቢቆይ ምን እንደሚሆን ከዚህ ይታወቃል። ወተቱ እስከ 4 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ግን ባክቴሪያዎቹ ባይሞቱም መባዛታቸው እጅግ ይዘገያል።

እናቶቻችን የወተት ዕቃ አጥበው በወይራ እንጨት ማጠናቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጢሱ ዕቃውን ያነጻል፥ ለወተቱም መልካም ሽታ ይሰጠዋል። የረጋውን ንጦ ቅቤውን ማውጣት፥ ከአሬራውም አይብ መሥራት ወተትን ለማቆየት የተገኘ ጥበብ ነው። ነገር ግን የከተማው ሰው የሚፈልገው ያልረጋውን ወተት ነውና፥ ይህን ለማድረስ ሌላ ሥርዓት አስፈለገ።

2ኛ፤ ስለ መሰብሰቢያ ጣቢያ

ገበሬው ወተቱን ማለዳ በመንገድ ዳር ወዳለው መሰብሰቢያ ጣቢያ ያደርሳል። በዚያ ተረካቢው አስቀድሞ ያሸተዋል፥ ያየዋል። ከዚያም ላክቶሜትር በሚባለው መሣሪያ ክብደቱን ይለካል። 1 ሊትር ውሃ 1000 ግራም ሲመዝን፥ 1 ሊትር ንጹሕ የላም ወተት ከ1028 እስከ 1032 ግራም ያህል ይመዝናል። ውሃ የተጨመረበት እንደ ሆነ ወተቱ ስለሚቀል መሣሪያው ጠልቆ ይወርዳል። ይሁን እንጂ ቅባቱን ገፎ ውሃ የጨመረበት ሰው ክብደቱን ሊያስተካክለው ይችላል፤ ስለዚህ ቅባቱ ለብቻው ይለካል። ደግሞም ከወተቱና ከአልኮል እኩል እኩል አድርገው ያቀላቅላሉ፤ የኮመጠጠ ከሆነ ይቋጥራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው የብዙ ሰው ወተት ባንድ ጋን ስለሚገባ ነው። አንድ ሰው ያመጣው የተበላሸ 5 ሊትር የጎረቤቶቹን 500 ሊትር ያጠፋል። በወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ገዢውን ብቻ ያታለለ አይደለም፤ ውሃው ንጹሕ ካልሆነ በሽታ ጨምሮበታል።

ነገር ግን ጥፋቱ ሁልጊዜ የገበሬው አይደለም። ገበሬው በጊዜው አምጥቶ ሳለ የጭነት መኪናው ቢዘገይ፥ ወተቱ በጣቢያው ይኮመጥጣል። በዚያን ጊዜ «መጥፎ ወተት አመጣህ» ተብሎ ዋጋው ቢቀርበት ፍርድ ይጓደላል። ስለዚህ ወተቱ የተረከበበት ሰዓት፥ ልኩና የምርመራው ውጤት በገበሬው ፊት ተጽፎ፥ አንዱ ቅጂ በእጁ ሊሰጠው ይገባል። ማንበብ የሚያውቅ ልጅ በቤቱ ያለ ገበሬ ይህን ወረቀት አስነብቦ መብቱን ያስከብራል። ጣቢያው የማቀዝቀዣ ጋን ያለው ከሆነ ግን የመኪናው መዘግየት ይህን ያህል አይጎዳም።

3ኛ፤ በፋብሪካ ስለሚሠራው ሥራ

የፈረንሳዩ ሊቅ ሉዊ ፓስተር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1864 ዓ.ም. ገደማ፥ የወይን ጠጅ ሳይፈላ በልክ ቢሞቅ ከመበላሸት እንደሚድን አሳየ። ይህ ጥበብ ኋላ ለወተት ሆነ፤ ስለዚህም ፓስቸራይዝድ ወተት ተባለ። ወተቱ በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ፥ ወይም በ72 ዲግሪ 15 ሰከንድ ይሞቅና ወዲያውኑ ወደ 4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚህም የሳንባ ነቀርሳና የሌሎች በሽታዎች ጀርሞች ይሞታሉ። ሆኖም የኮመጠጠውን ወተት ወደ ደኅንነቱ የሚመልስ እሳት የለም። ፋብሪካ ከገበሬው ቤት ንጹሕ ሆኖ የወጣውን ይጠብቃል እንጂ የተበላሸውን አያድስም።

በአገራችን የዚህ ሥራ መነሻ ቅርብ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ የሚባሉ 300 የወተት ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ። በ1960 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በአዲስ አበባ ሾላ በሚባለው ስፍራ የወተት ማቀነባበሪያ አቋቋመ። ፋብሪካው አስቀድሞ ከትልልቅ እርሻዎች ይቀበል ነበር፤ ኋላም ጥቂት ላም ካላቸው ገበሬዎች መሰብሰብ ጀመረ። ሥራው እየሰፋ በመሄዱ በ1971 ዓ.ም. የወተት ልማት ድርጅት ተመሠረተ። ዛሬ ከሰላሌ፥ ከሱሉልታ፥ ከሆለታ፥ ከደብረ ብርሃንና ከቢሾፍቱ በኩል የሚመጣውን ወተት የሚያሽጉ የግል ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው።

4ኛ፤ ስለ ማሸጊያው

ማሸጊያ ወተቱን ከአቧራ፥ ከብርሃንና ከሰው እጅ የሚከለክል ግድግዳ ነው። በላስቲክ የታሸገው ፓስቸራይዝድ ወተት ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ከቅዝቃዜ ሳይወጣ ለጥቂት ቀን ብቻ ይቆያል። ሌላው ዓይነት ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ሞቆ፥ ከጀርም በጸዳ ካርቶን የሚታሸገው ነው። ካርቶኑ ወረቀት፥ ላስቲክና እጅግ የሳሳ አሉሚኒየም በየተራ ተደርቦ የተሠራ ነው። ይህ ወተት ሳይከፈት ያለ ማቀዝቀዣ ብዙ ወር ይቆያል። ስለዚህ መብራት ወደሌለበት አገር ለመላክ ይመቻል፤ ነገር ግን መሣሪያውና ካርቶኑ ውድ ስለሆነ ዋጋው ይበልጣል።

5ኛ፤ ስለ ማከፋፈል

የታሸገው ወተት ገና ሳይነጋ በመኪና ተጭኖ ወደ ሱቆች ይሄዳል። አከፋፋዩ ለየሱቁ ስንት እንደሰጠ፥ ስንቱ እንደተሸጠ፥ ስንቱ እንደተመለሰ በየቀኑ መጻፍ አለበት፤ የነገው ልክ የሚታወቀው ከዚህ መዝገብ ነው። ብዙ ቢልክ ወተቱ ተበላሽቶ ይመለሳል፤ ጥቂት ቢልክ ገዢው ወደ ሌላ ይሄዳል።

በሱቁም ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲሸጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ባለሱቅ የመብራት ሒሳብ ለመቈጠብ ሌሊት ማቀዝቀዣውን ያጠፋል። ጧት ሲያበራው ወተቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ገዢውም ምንም አያውቅም። ሌሊቱን የተባዙት ባክቴሪያዎች ግን አልጠፉም። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን እውነት የሚሆነው ቅዝቃዜው ካልተቋረጠ ብቻ ነው።

6ኛ፤ ስለ ጾም ወራትና ስለ ተረፈ ወተት

በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው ሽያጩና ምርቱ አለመገናኘታቸው ነው። በአገራችን ብዙው ምእመን ረቡዕና ዓርብ፥ ደግሞም በዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ በፍልሰታ 15 ቀን፥ በሌሎቹም አጽዋማት ወተት አይጠጣም። ላም ግን ጾም አታውቅም፤ በፋሲካ የምትሰጠውን ያህል በሁዳዴም ትሰጣለች። በየቀኑ ካልታለበች ትታመማለች፤ መኖዋም አይቀርም።

ስለዚህ በጾም ጊዜ ፋብሪካው የሚቀበለውን ልክ ይቀንሳል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይቀበልም። ጉዳቱ የሚወድቀው ማቀዝቀዣ በሌለው ገበሬ ላይ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የላሚቱን ፉርሽካ መግዣ ያጣ ገበሬ ላሚቱን ይሸጣል፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ወተት ይወደዳል። እንግዲህ ችግሩ የገበሬው ብቻ አይደለም፤ የከተማው ሕፃን ጭምር ነው። መድኃኒቱ የተረፈውን ወተት ወደሚቆይ ነገር መለወጥ ነው፤ ይኸውም ቅቤ፥ የደረቀ አይብ፥ ወይም የዱቄት ወተት ማድረግ ነው። የጾሙ ቀን አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ ጥጃ የሚወለድበትንም ጊዜ በማስላት ምርቱን ከሽያጩ ጋራ ማቀራረብ ይቻላል።

7ኛ፤ የአናንድ ገበሬዎች ያደረጉት

ተመሳሳይ ችግር በሕንድ አገር ጉጃራት በሚባለው ክፍል በአናንድ ከተማ አካባቢ ነበር። የገበሬዎቹ ወተት ወደ ቦምቤይ ይላክ ነበር፤ ዋጋውን ግን ነጋዴዎች እንደ ወደዱ ይቈርጡት ነበር። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1946 ዓ.ም. ገበሬዎቹ ተማክረው ወተት መሸጥ አቆሙ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አስመዘገቡ፤ መሪያቸውም ትሪቡቫንዳስ ፓቴል ነበር። በ1949 ዓ.ም. ቨርጊስ ኩሪየን የሚባል ወጣት መሐንዲስ መጣላቸው።

በብርድ ወራት ጎሾቻቸው አብዝተው ሲሰጡ ቦምቤይ ሁሉን አልቀበል አለች። እነርሱም በ1955 ዓ.ም. የተረፈውን ወደ ዱቄትና ወደ ቅቤ የሚለውጥ ፋብሪካ አቆሙ። የጎሽ ወተት ዱቄት አይሆንም ይባል ነበር፤ ዳላያ የሚባለው ባልደረባቸው ግን ይህን ፈጽሞ አሳየ። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ የገበሬውን ወተት በትርፍ ቀን አልመለሰም። ወተቱ ጧትና ማታ በየመንደሩ እየተለካ፥ ዋጋውም በቅባቱ ልክ ይከፈል ነበር። ሥርዓቱ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በሕንድ ሁሉ ተስፋፋ፤ ሕንድም ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ ወተት የምታመርት ሆነች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው።

8ኛ፤ በየመንደሩ ሊደረግ የሚገባው

ሀ. አላቢው እጁንና የላሚቱን ጡት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፥ በንጹሕ ጨርቅም ያድርቅ። ወተቱ አፉ ጠባብ በሆነ የላስቲክ ጀሪካን ሳይሆን፥ እጅ ገብቶ ሊያጥበው በሚችል የአሉሚኒየም ዕቃ ይሁን።

ለ. የእንገር ወተት ለጥጃዋ ይተው። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም የከብት ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳያልፍ ለሽያጭ አይቅረብ።

ሐ. ፋጉሎና ሌላው መኖ ከእርጥበት ርቆ ይቀመጥ፤ የሻገተው አይሰጥ። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፤ ወተቱንም ማፍላት አያጠፋውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ምርመራ የመርዙ ዋና ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል።

መ. የታለበው ወተት በጥላ፥ ከተቻለም በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ከ2 ሰዓት ሳይበልጥ ጣቢያ ይድረስ።

ሠ. የመንደሩ ሰዎች በማኅበር ሆነው ከፋብሪካው ጋራ የጾሙን ወራት የሚጨምር ውል ይዋዋሉ። የመኪናው ሰዓት፥ የሚረከበው ልክና የክፍያው ቀን በጽሑፍ ይሁን።

ረ. ተማሪዎች የአንድ ወር የወተት መዝገብ ይያዙ። በየቀኑ የታለበውን፥ የተሸጠውንና የተመለሰውን ጽፈው ቢደምሩ ቤተሰባቸው የት ላይ እንደሚጎዳ ያውቃሉ። ሒሳብ መማር ለዚህ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል?