ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃው ማን ነው?

ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን አገር ደነገጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ እንኳ አልሞሉም፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በተከታዩ ፈተና 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። በየቤቱ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ፈተናው ነበር። ከብዶ ነው? ወይስ ድሮም በኩረጃ ነበር የሚታለፈው? ተማሪዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተጓጉዘው እንዲፈተኑ የተደረገው ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል ስለነበር ክርክሩ ተገቢ ነው። ከሥሩ ግን ከ70 ዓመት በላይ ሲንከባለል የመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰውን ልጅ የዩኒቨርሲቲን ትምህርት እንዲወጣው አድርጎ የሚያዘጋጀው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ? ዩኒቨርሲቲው? ወይስ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሌላ?

መልሱ በየዘመኑ ሲለዋወጥ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት በአገሪቱ የነበሩት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ነበሩ። ማትሪክ ያለፈ ተማሪ ፍሬሽማን ሆኖ አንድ ዓመት ይማራል፤ ያቺ ዓመት ከትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ የምታሻግረው ነበረች። ያልቻለው በዚያው ይሰናበታል፤ የሚሰናበተውም ጥቂት አልነበረም። ኮሌጁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ከሆነ በኋላ ሁለት ነገሮች ተጨመሩ፤ ዛሬ ሊታወሱ የሚገባቸው ይመስለኛል። አንዱ የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዞቹን መርጦ 12ኛ ክፍልን በዩኒቨርሲቲው ጥላ ሥር ያስተምራቸው ነበር። ሁለተኛው በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል፤ አብዛኞቹ የተመደቡት ለማስተማር ነበር። የአውራጃ ከተማ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ምን እንደሚመስል፣ እዚያ እንዴት እንደሚጠና፣ ምን እንደሚከብድ ገና ከግቢው ከመጣ አስተማሪ አፍ ይሰማ ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሸክሙን ወደ ትምህርት ቤት መለሰው። 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሆኑ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሰጥ የነበረው የፍሬሽማን ዓመት ቀረ፤ በብዙ ዘርፎች አራት ዓመት የነበረው ዲግሪ ወደ ሦስት ወረደ። በወረቀት ላይ ሐሳቡ ጤነኛ ነበር። ችግሩ መሰናዶ ትምህርት ቤቶቹ የዩኒቨርሲቲን አንድ ዓመት የሚሸከም መምህር፣ ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ሳይኖራቸው ሥራውን መረከባቸው ነው። ክፍተቱን ለመሙላት የመጣው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ነበር። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፤ የክፍሉ መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠው ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገር ነበር፤ ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣም አያየውም ነበር። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ የመጣ የ9ኛ ክፍል ልጅ በዚያ ፍጥነት ፊዚክስ ሲሰማ ምን ሊይዝ ይችል ነበር? ከፕላዝማው ጋር ያደጉት ልጆች ዛሬ ወላጆችና መምህራን ሆነዋልና መልሱን ያውቁታል።

በዚያው ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች በዙ። ከሁለት ተነሥተው በሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ከ40 አለፉ። መስፋፋቱን የሚነቅፉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። የገበሬ ልጅ በየክልሉ ግቢ አግኝቶ መማሩ ትልቅ ነገር ነው። ግን በሩ የሰፋውን ያህል ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ አልተጠረገም።

በ2010 ዓ.ም. የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ይህን አምኖ የፍሬሽማን ዓመት እንዲመለስ አደረገ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ሁሉ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የተግባቦት እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ጂኦግራፊና የመሳሰሉትን በጋራ ይማራሉ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀረ። ከዚያ የ2015ቱ ውጤት መጣና ከፍሬሽማን በፊት ሌላ እርከን አስፈለገ፤ ሪሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ። ከማለፊያው በታች ሆነው የተወሰነ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ግቢ ገብተው እንግሊዝኛና ሒሳብን፣ እንደ መስካቸውም ሳይንሱን ወይም ታሪክና ጂኦግራፊን ለጥቂት ወራት በድጋሚ ይማራሉ። ከውጤቱ 30 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው ምዘና፣ 70 በመቶው በማዕከል ከሚዘጋጅ ፈተና ይመጣል።

ሪሜዲያል ትልቅ ቁም ነገር አለው፤ ግቢ መግባትና ለግቢ መብቃት አንድ አለመሆናቸውን መንግሥት በይፋ የተቀበለበት ነው። ጉድለቱ ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው። አራት ዓመት ያልገባን መጽሐፍ በወራት ለመሸፈን ይሮጣል፣ መጨረሻው ሌላ ፈተና ነው፣ ተማሪውም የሚያጠናው ለፈተናው ነው። ፈተናውን በቀጥታ ያለፉትን የሚያስባቸው ደግሞ የለም፤ አልፈዋልና ዝግጁ ናቸው ተብሎ ይታሰባል።

የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚህ ይመስለኛል። ልጆቻችን የሚዘጋጁት ለመግቢያ ፈተና ነው፤ ከፈተናው ማዶ ላለው ኑሮ አይደለም። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ። ስለዚህ 12ኛ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሾርት ኖትና የቀድሞ ዓመታት ጥያቄ ይከለሳል። ያ ልጅ ግቢ ገብቶ በመጀመሪያው ወር አምስት ገጽ አሳይንመንት በእንግሊዝኛ ሥራ ይባላል። በሕይወቱ አንድ ገጽ በራሱ ቃል ጽፎ፣ መምህር በቀይ አርሞ መልሶለት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ምን ያድርግ? ይገለብጣል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያሳየው ስለሌለ ነው። ንባቡም እንዲሁ ነው። ሃንድአውት ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ከወፍራም መጽሐፍ የሚፈልገውን ምዕራፍ ለይቶ ማውጣት ያቅተዋል።

የጊዜ አጠቃቀም ጉዳይም አለ። ትምህርት ቤት ደወል አለ፣ ስም ይጠራል፣ ቤት ሲገባ እናት ደብተር ያዝ ትላለች። ግቢ ውስጥ በቀን ሁለት ክላስ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ቀሪው ሰዓት የራሱ ነው። የሚድ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሲቸክል የሚያድረው ብዙው ልጅ ጊዜውን ራሱ አከፋፍሎ አያውቅም። በመጀመሪያው ሴሚስተር ዋርኒንግ (የውጤት ማስጠንቀቂያ) የሚያየውም፣ ኤዲ (በውጤት ተሰናባች) ሆኖ ሻንጣውን የሚሸከመውም ሁሌ አእምሮው የደከመው አይደለም። ዶርሙ፣ የማያውቀው ቋንቋና ባህል፣ ከቤት የሚላከው ትንሽ ገንዘብ፣ የዲፓርትመንት ምርጫው ጭንቀት ሁሉ በዚያው ሴሚስተር ይደርባሉ።

ታዲያ 12ኛ ክፍል ላይ ምን ይቻላል? አዲስ ሕንፃ የማይጠይቅ ብዙ ነገር አለ። የእንግሊዝኛ መምህሩ በየሳምንቱ አንድ ጽሑፍ አስነብቦ የገባቸውን በግማሽ ገጽ ቢያስጽፍ፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሁሉንም ማረም ባይችል እንኳ በየተራ አሥር አሥሩን ቢያርም፣ በዓመቱ መጨረሻ ልዩነቱ ይታያል። ከአንድ ትምህርት ሁለት ምዕራፍ ለተማሪው ተትቶ ራሱ አንብቦ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ ቢደረግ፣ ግቢ የሚጠብቀውን ሥራ ቀድሞ ይቀምሰዋል። የቀድሞ ዓመታት ጥያቄዎችም ለሽምደዳ ሳይሆን ልጁ የቱ ጋ እንደሚስት ለመለየት ቢውሉ ጥቅማቸው ሌላ ነው።

ከሁሉ የሚቆጨኝ በፈተናና በመግቢያ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ፈተናው ሰኔ ወይም ሐምሌ ያልቃል፤ ውጤትና ምደባ እስኪመጣ ወራት ይሄዳሉ። ልጁ ደብተሩን ጥሎ ይጠብቃል። የፍሬሽማን ኮርሶች ሞጁሎች ግን ለአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የጋራ ናቸው፤ በስልክ የሚላኩ ፋይሎች ሆነው ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። በዚያው ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእረፍት ወደየሰፈራቸው ይመለሳሉ፤ ብዙዎቹም በበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ያስተምራሉ። ማጠናከሪያው በአብዛኛው ለመጪው ዓመት ተፈታኝ ነው። ገና ተፈትኖ የወጣውን ልጅ ጨምሮ የሎጂኩን ሞጁል መጀመሪያ ምዕራፍ አብሮ ማንበብ፣ ክሬዲት ሰዓት ምን እንደሆነና ጂ.ፒ.ኤ. እንዴት እንደሚሰላ ማሳየት፣ የራስን የመጀመሪያ ሴሚስተር ስህተት ሳይደብቁ መንገር አንድ የመማሪያ ክፍልና ጥቂት ቅዳሜዎች ይበቁታል። በ1957 ዓ.ም. ስድስት ኪሎ ካለው ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ወደ ክፍለ ሀገር ለመላክ ረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ብዙ የዞን ከተሞች በቅርብ ርቀት ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ የማኅበረሰብ አገልግሎትም ከማስተማርና ከምርምር ጋር ሦስተኛ ተግባራቸው ነው። የአካባቢያቸውን የ12ኛ ክፍል ክፍሎች ከዚያ ተግባር ውስጥ ለማስገባት የሚያስፈልገው የርእሰ መምህሩ ደብዳቤና የግቢው ፈቃደኝነት ነው።